የፓርቲው ታሪክ የመጀመሪያ መስመር

አይቮ ያን ቅዳሜ ጠዋት ሲነቃ ሁለት ነገር ነበር የሚያስበው። አንደኛው፣ ሰኞ እኩለ ቀን ሳይሞላ ታሊን ሄዶ መዝገብ ቤት ወረቀቱን ካላስገባ ፓርቲው ይሰረዛል። ሁለተኛው፣ ሁለቱን ሽማግሌዎች በአካፋ ቢላቸው ይሻላል ወይስ በመጥረጊያ።

ፓርቲ ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ኤስቶኒያ ከሶቪየት እጅ ከወጣች ገና አራት ዓመቷ ነው፤ በነዚህ አራት ዓመታት ሦስት ሰው አንድ ቢራ ይዞ ከተቀመጠ ፓርቲ መሥርቶ ነው የሚነሳው። መንግሥት በዛበትና አዲስ ሕግ አወጣ፤ ሺህ አባል የሌለው ፓርቲ ይጥፋ አለ። የአጎት ኤንደል ነፃ ዜጎች ፓርቲ ስድስት መቶ አባል አለው። የአጎት ካልዩ ሊበራል ኅብረት አራት መቶ ሃያ። ደምሩት። አንደኛ ክፍል ያለ ልጅ የሚደምረውን ሁለቱ ሽማግሌዎች መደመር አቅቷቸው፣ ሰባት ወር ሙሉ የአይቮን አንጀት ሲያሳርሩት ከረሙ።

መጀመሪያ እኮ አንድ ፓርቲ ነበር። ኤንደልና ካልዩ ጎረቤቶች ናቸው፤ ጎረቤት ብቻ ሳይሆን አማቾች፤ የኤንደል እህት ሜታ የካልዩ ሚስት ናት። የተለያዩት በትራክተር ነው። የመንግሥት እርሻው ሲፈርስ አንድ ትራክተር ቀረ። ኤንደል በጨረታ ይሸጥ፣ ገበያ ነው ነፃነት አለ። ካልዩ ለመንደሩ ሰው በእጣ ይድረስ፣ እኩልነት ነው ነፃነት አለ። ሦስት ስብሰባ ተጨቃጨቁ። በአራተኛው ስብሰባ ላይ ትራክተሩን ሌባ ወስዶት ተገኘ። ፓርቲው ግን በዚያው ለሁለት ተሰንጥቆ ቀረ።

አይቮ የሁለቱም ጸሐፊ ነው። ሌላ ጸሐፊ የሚሆን ሰው ስለጠፋ ነው። የዳቦ መኪና ሹፌር ነው፤ ስምንተኛ ክፍል ሳይጨርስ ነው ትምህርት የተወው፤ ግን በየመንደሩ ስለሚዞር አባል የሚመዘግበው እሱ ነው። ዳቦውን በአንድ እጁ፣ ፎርሙን በሌላው ያቀርባል። ከመዘገባቸው ሰዎች ይልቅ ያልመዘገባቸው ናቸው የሚታወሱት። አንዲት አሮጊት ፎርሙን አይታ፦

«ካርድ አለው?» አለችው።

«አለው፣ አክስቴ።»

«አምሳ ዓመት የፓርቲ ካርድ ስናይ ኖረን፣ ነፃ ወጣን ሲባል የባሌን ካርድ እሳት ውስጥ ከተትኩት። አንተ ደግሞ ሌላ አመጣህልኝ?»

«ይሄኛው የነፃነት ነው እኮ።»

«ካርድ ያለው ነፃነት አይጣፍጠኝም። ዳቦዬን አምጣ።»

ዳቦዋን ሰጣት። ከሁላቸውም ሊበራሏ እሷ ነበረች። አባል ግን አልሆነችም።

እና ለምን ይለፋል? እውነቱን ለመናገር፣ አይቮ በሠላሳ አራት ዓመቱ «አንተስ ምን ትላለህ?» ብሎ የጠየቀው ሰው እዚህ ፓርቲ ውስጥ ነው ያገኘው። ትምህርት ቤት አልጠየቁትም፤ ወታደር ቤት አልጠየቁትም፤ ዳቦ ቤትማ ጭራሽ። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ኤንደል ዞር ብሎ «አንተስ አይቮ?» ሲለው ምላሱ ተሳስሮ «እኔም» ብቻ ብሎ ቀረ። ግን ተጠየቀ። ፓርቲው ሰኞ ከጠፋ፣ ማክሰኞ አይቮ የዳቦ ሹፌር ብቻ ነው።

የቀረው ደግሞ አንድ ወረቀት ነው። የውህደት ፎርም። ስም አለ፣ የአባል ዝርዝር አለ፣ ሁሉም ተሞልቷል። አንዲት ባዶ ቦታ ብቻ፤ «የፓርቲው ታሪክ በአጭሩ፤ መቼ፣ የት፣ በማን ተመሠረተ» የምትል። ከሥሯ የሁለቱ ሊቀመንበሮች ፊርማ፤ በእስክሪብቶ እንጂ በእርሳስ አይቻልም ይላል።

አይቮ የዳቦ መኪናውን አስነሥቶ መጀመሪያ ኤንደል ጋ ሄደ። ኤንደል ማር ቤቱ ውስጥ የንብ ቀፎ ሳንቃ እየፋቀ ነው።

«አጎት ኤንደል፣ የዛሬዋ የመጨረሻ ናት። አንዲት መስመር ይንገሩኝ።»

«ስንቴ ልንገርህ? ጻፍ፤ ፓርቲው በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ስምንት፣ የካቲት ሃያ አራት ቀን በኤንደል ማር ቤት ተመሠረተ።»

«አጎት ካልዩስ?»

«ነበረ። ማር ሊልስ መጥቶ።»

«እንደሱ ብዬ ብጽፍ ይፈርማል?»

«ታሪክ እንጂ ልመና አይደለም የምትጽፈው። ያን ጊዜ በዚህ ሳንቃ ሥር የተከለከለውን የኤስቶኒያ ባንዲራ ደብቄ፣ በሩን ቆልፌ፣ ‹ካልዩ፣ ፓርቲ እንመሥርት› አልኩት። አፉ ማር ስለነበረ ራሱን ነው የነቀነቀው።»

አይቮ ማስታወሻውን አጥፎ ወጣ። ሁለት መቶ እርምጃ ቢሄድ ካልዩ ጋ ነው። ካልዩ ጡረታ የወጣ የከብት ሐኪም ነው፤ ያቺን አሮጌ መኪናውን ከፍቶ ሆዷ ውስጥ ገብቷል።

«የካቲት ሃያ ሁለት» አለ ካልዩ ከመኪናው ሥር። «ከሱ ሁለት ቀን ቀድሞ። እዚህች መኪና ውስጥ። በረዶ ላይ ተቀርቅረን ‹እንዲህ ከምንኖር ፓርቲ እንመሥርት› ያልኩት እኔ ነኝ።»

«አጎት ኤንደል የት ነበር?»

«ውጭ። ሲገፋ።»

«ግን ሰምቷል?»

«መኪና የሚገፋ ሰው ይሰማል እንጂ አይመሠርትም።»

«እሺ፣ ‹በየካቲት ሃያ ሁለትና ሃያ አራት› ብንልስ? ሁለቱንም?»

ካልዩ ከሥር ወጥቶ ተቀመጠ። ግንባሩ ላይ ግራሶ አለ። «አርባ ዓመት ጥጃ አዋልጃለሁ፣ አይቮ። ሁለቴ የተወለደ አላየሁም።»

«እንግዲያው ሰኞ ይሞታል። እሱንስ አይተው ያውቃሉ?»

«ያ የኤንደል ጥፋት ነው።»

«እሱም የእርስዎ ነው ይላል።»

«ይኸው፣ ደግሞ ይዋሻል።»

አይቮ ወደ ዳቦ መኪናው ተመለሰና ውስጡ ተቀምጦ መሪውን በግንባሩ መታው። አንዴ አይደለም። ከኋላ የተጫነው ዳቦ እየቀዘቀዘ ነው። በሰባት ወር ውስጥ ሃያ ስድስት መስመር ጽፏል፤ ሃያ ስድስቱም ምድጃ ገብተዋል። በረጅም ጻፈ፣ በአጭር ጻፈ፤ አንዴ «ፓርቲው ተመሠረተ» ብቻ ብሎ ቢጽፍ ከመዝገብ ቤቱ «የት?» የሚል ደብዳቤ መጣለት። ኧረ ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው! ሩሲያን ያህል አገር ተጋፍጠው አስወጥተው፣ አንድ የማር ቤትና አንድ የተቀረቀረ መኪና ያሸንፋቸው?

እንዲህ እያለ ሲበግን ጢስ ሸተተው። ከካልዩ ቤት ጀርባ ኩሬው ዳር ካለችው ጥቁር እንጨት ቤት፣ በበሩም በጣራውም ጢስ ይትጎለጎላል። ሜታ ሳውናውን፣ የእንፋሎት መታጠቢያ ቤቱን፣ እያሞቀች ነው። ጭስ ማውጫ የለውም፤ ከጠዋት ጀምሮ ይነድና፣ እሳቱ ሲያልቅ ጢሱን አስወጥተው፣ በተረፈው ሙቀት ማታ ይታጠባሉ። ግድግዳው ከአያት ቅድመ አያት በተጠራቀመ ጥላሸት ከሰል መስሏል።

አይቮ ሁለት ዳቦ ይዞ ሄደ። ሜታ ከኩሬው ውኃ እየቀዳች ነው፤ ክንዷ የወንድ ክንድ ነው የሚመስለው።

«አክስት ሜታ፣ ዛሬም ሁለቱም ይመጣሉ?»

«ቅዳሜ አይደል? የት ይሄዳሉ?»

«ሳምንቱን ሙሉ ተኮራርፈው፣ እንዴት ነው አንድ ላይ የሚታጠቡት?»

«ሲገቡ ጠቡን ውጭ ይተዉታል። ሲወጡ ደግሞ ከተውበት ያነሱታል። ሳውና ውስጥ የተጣላ ሰው ገላው ቁስል ያወጣል፤ እናቴ ነች ያለችኝ። ጠብ አይቻልም፣ ስድብ አይቻልም፣ ፉጨት አይቻልም።»

አይቮ ሰባት ዓመት እዚህ ሳውና ታጥቧል፤ እንዲህ ብሎ አስቦት ግን አያውቅም።

«ወረቀትስ?»

«ምን ወረቀት?»

«ወረቀት ይዞ መግባት ክልክል ነው?»

ሜታ ባልዲውን አስቀምጣ አየችው። «ክልክልማ አይደለም። እንዲህ ዓይነት እብድ ስላልነበረ ማንም አልከለከለውም።»

ምሽት ላይ ሦስቱ ወንዶች እንደተፈጠሩ ሆነው ጥቁሩ መደብ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ካልዩ ከቀኝ፣ ኤንደል ከግራ፣ አይቮ መሃል። ከመቀመጫው ሥር ፎርሙና እስክሪብቶው በወተት ላስቲክ ተጠቅልለዋል። ኤንደል ውኃ ጨልፎ የጋለው ድንጋይ ላይ ረጨ፤ እንፋሎቱ እንደ ትኩስ አንሶላ መጥቶ ላያቸው ላይ ወደቀ። ለሳውናው «ጤና ይስጥልን» አሉ። የበርች ዛፍ ቅጠል እስሩን አንሥተው፣ እንደ ሳውና ወጉ አንዱ የሌላውን ጀርባ መታ፤ ከጠዋት ጀምሮ ሲካሰሱ የዋሉት ሰዎች «ትንሽ ወደ ላይ፣ አማቼ»፣ «እዚህ ጋ ነው፣ አማቼ?» ይባባላሉ። አይቮ ይህን እያየ መሳቅ አማረው። ማልቀስም አማረው።

ሁለተኛውን እንፋሎት ጠበቀ። ከዚያ ላስቲኩን ፈታ።

«አጎቶቼ፣ እዚህ አንጣላም አይደል?»

«አንጣላም» አሉ ሁለቱም።

«እንግዲያው አንዲት መስመር ንገሩኝ። ፓርቲው የት ነው የተመሠረተው?»

ድንጋዩ ሺሽ ይላል። ኤንደል ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ በለስላሳ ድምፅ፦

«በካልዩ መኪና ብለህ ጻፍ» አለ።

አይቮ ጆሮውን አላመነም። እስክሪብቶውን ሊያነሳ እጁን ሲዘረጋ ካልዩ ያዘው።

«ኧረ አይደለም። የአማቼ ማር ቤት ነው። እሱን ጻፍ።»

«ኧረ የለም፣ መኪናህ ነው፣ አማቼ። ሁለት ቀን ቀድሞ ነበር።»

«መኪና እንኳን ለመመሥረቻ፣ ለመሄጃም አልሆነችም። ማር ቤትህ ይሁን።»

«አይሆንም፣ ካንተ አልቀማም።»

«እኔስ ካንተ እቀማለሁ?»

አይቮ በየተራ ያያቸዋል። ውጭ «የኔ ነው» ተባብለው አልተስማሙም። ውስጥ ደግሞ «ያንተ ነው» ተባብለው አልተስማሙም። ጠብ ተከልክሎ ሲያበቃ እርቅ ራሱ ጠብ ሆነበት። አንድ የደለበ ስድብ ከሆዱ ተነሥቶ ጥርሱ ላይ ደረሰ፤ ስድብም ክልክል ነው። ዋጠው። ሲዋጥ የጋለ ድንጋይ የዋጠ መሰለው።

«አጎቶቼ» አለ፤ «ጠብ ነው የተከለከለው። መስማማት ማን ከለከለ?»

ያኔ በሩ ተከፈተ። ሜታ ባልዲ ውኃ ይዛ አንድ እግሯን ከደፉ ውስጥ አደረገች፤ ሽማግሌዎቹ በቅጠላቸው ሸፈን ሸፈን አሉ። እሷ ግን እነሱን ለማየት አልመጣችም።

«ውጭ ቆሜ ስሰማ ነበር። አሁን እግሬ ውስጥ ነው፤ መናገር እችላለሁ» አለች። «ሁለታችሁም አታፍሩም? ማር ቤትም አይደለም፣ መኪናም አይደለም። የካቲት ሃያ ቀን፣ ቅዳሜ፣ እዚች መደብ ላይ ተቀምጣችሁ ነው ‹ፓርቲ እንመሥርት› የተባባላችሁት። እንዲሁ ውኃ ይዤ ስገባ ሰማሁ። አንዱ ጀመረው፣ አንዱ ጨረሰው። የቱ እንደጀመረ እኔም አላውቅም፤ ጢስ ነበር።»

ባልዲውን አስቀምጣ እግሯን አወጣችና በሩን ዘጋች።

ሁለቱ ሽማግሌዎች መሬት መሬት አዩ። አይቮ ቀስ በቀስ ገባው። የሳውና ወሬ ከሳውና አይወጣም። እዚህ የተባለ፣ ደፉን ሲያልፉ እንዳልተባለ ነው። ስለዚህ በዚያች የካቲት፣ ሰኞ ካልዩ መኪናው ውስጥ ነገሩን እንደ አዲስ አነሳው፤ ረቡዕ ደግሞ ኤንደል ማር ቤት ውስጥ እንደ አዲስ አነሳው፤ ሁለቱም ለሳውናው ሕግ ብለው። ከዚያ ሰባት ዓመት ሙሉ እያንዳንዱ የራሱን ድጋሚ የመጀመሪያው ነው እያለ አገር አመሰ።

«ታዲያ እሱን ልጻፍ?» አለ አይቮ። «በሳውና ተመሠረተ ብዬ?»

«አይቻልም» አሉ ሁለቱም በአንድ ድምፅ። ከትራክተሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የተስማሙበት ነገር ይህ ነው።

አይቮ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ላቡ በጣቶቹ መሃል ይወርዳል። ሰኞ ታየችው፤ ባዶ መስመር የያዘ ፎርም፣ ባዶ የሆነ ማክሰኞ፣ ዳቦ። ከጎኑ ኤንደል የቅጠል እስሩን አስቀምጦ፦

«አንተስ ምን ትላለህ፣ አይቮ?» አለው።

በዚህ ጊዜ «እኔም» አላለም። እጁን ከፊቱ አወረደ።

«‹ፓርቲው በየካቲት ወር፣ ሙቀት ባለበት ቦታ፣ በሁለት ዘመዳሞች ተመሠረተ።› ይኸው ነው። ሳውና አላልኩም።»

ካልዩ አሰበበት። ሲያስብ ላብ ከአፍንጫው ጫፍ ሦስት ጊዜ ጠብ አለ። «የመኪናዬ ማሞቂያ ያኔ ይሠራ ነበር» አለ።

«ማር ቤቴም ምድጃ አለው» አለ ኤንደል።

«እንግዲያው ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ። ፈርሙ።»

አይቮ እስክሪብቶውን አነሳ። እስክሪብቶው በሙቀቱ ቀለሙን ተፍቶ ላስቲኩ ውስጥ ሰማያዊ ኩሬ ሠርቷል፤ ደግነቱ ፎርሙን አልነካውም። ያ የዋጠው ስድብ አሁንም ተመልሶ መጣ፤ አሁንም ዋጠው። ሌላ እስክሪብቶ ፍለጋ ደፉን ካለፉ ደግሞ፣ ያውቃቸዋል፣ ማሞቂያና ምድጃ እየቆጠሩ ጠቡን እንደገና ይጀምሩታል። ዞር ሲል ግድግዳውን አየ። ከቅጠል እስሩ አንድ ጭራሮ ሰበረ፣ የሁለት መቶ ዓመት ጥላሸት ላይ ጠቀሰው፣ ለካልዩ ሰጠ።

«እስክሪብቶ ነው የሚለው ፎርሙ» አለ ካልዩ።

«እርሳስ አይቻልም ነው የሚለው። ይሄ እርሳስ ነው?»

ካልዩ ፈረመ። ኤንደል ፈረመ። ላባቸው እየተንጠባጠበበት፣ ወረቀቱ እየተጨማደደ። መስመሯን ራሱ አይቮ ጻፋት፤ በዚያው ጭራሮ።

ሰኞ ጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄዶ፣ እኩለ ቀን ሊሆን ሩብ ሰዓት ሲቀረው መዝገብ ቤት ደረሰ። መስኮቱ ጋ ያለችው ወጣት ወረቀቱን በጥፍሯ ጫፍ አነሳችው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ፊርማ።»

«በምን የተፈረመ?»

«በጥላሸት።»

«የምን ጥላሸት?»

አይቮ ሊናገር ሲል የሳውናው ሕግ ታወሰው። «ልነግርሽ አልችልም።»

«ጌታው፣ እዚህ የተመሠረተበት ቦታ ‹ሙቀት ያለበት› ነው የሚለው። እንዲህ የሚባል ወረዳ የለም።»

«እናት ዓለም፣ ሰባት ወር ፈጅቶብኛል። አንቺ ሁለቱን ሰዎች ብታውቂያቸው ኖሮ ይቺን ታንቆለጳጵሻት ነበር።»

ልጅቷ ወረቀቱን ወደ ኋላ ይዛ ሄዳ ለአንዲት መነጽር ላደረገች አሮጊት ሰጠቻት። አሮጊቷ አላነበበችውም። መጀመሪያ አሸተተችው። መነጽሯን አወለቀች፤ ደግማ አሸተተችው። ከዚያ ወደ መስኮቱ መጥታ በአይቮ አገር፣ በቮሩ ገጠር አነጋገር፦

«ቅዳሜ ነው የተፈረመው?» አለችው።

«ቅዳሜ ነው።»

«ተጣልተዋል?»

«እዚያ ውስጥ? ኧረ በጭራሽ።»

አሮጊቷ ማኅተሙን አነሳች። ጣ! አንድ ቅጂ ሰጠችው። «ወረዳውን አውቀዋለሁ» አለቻት ለልጅቷ።

ማታ አውቶቡሱ ቮሩ ሲደርስ ሁለቱ ሽማግሌዎች በካልዩ መኪና መጥተው ቆመው እየጠበቁት ነው። አይቮ ቅጂውን ከፍ አድርጎ አሳያቸው። እንኳን ደስ አለህ የሚለው የለም።

«የማን ፊርማ ነው ከላይ ያለው?» አለ ኤንደል።

አይቮ አየ። ላቡና ጥላሸቱ ተደባልቀው ሁለቱ ስሞች አንድ ትልቅ ጥቁር እድፍ ሆነዋል። «አይነበብም» አለ።

«ላንተ ነው የማይነበበው። ይቺ ወደ ላይ የወጣችው የኔ ናት» አለ ካልዩ በጣቱ እየነካት።

«እሷ እኮ የኔ ናት» አለ ኤንደል እዚያው ጋ እየነካ። «ደግሞስ የተዋሐደው ፓርቲ ሊቀመንበር ማን ሊሆን ነው?»

አይቮ ቅጂውን አጥፎ ኪሱ ከተተ። መኪናውን አልፎ በእግሩ መንገድ ጀመረ።

«ወዴት ነው?» አለው ካልዩ።

«አክስት ሜታ ጋ። የሳውና እንጨት ልፈልጥላት።»

«ዛሬ እኮ ሰኞ ነው።»

«አውቃለሁ» አለ አይቮ ዞር ሳይል። «የሊቀመንበሩ ጉዳይ በአንድ ቅዳሜ አያልቅም።»